ለመምህርነት ማስተርስ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የተወለድኩት ጎንደር ነው፤ በልጅነቴ ከቤተሰቦቼ ጋር እስራኤል ገባሁ። እዚያው አደግኩ፣ ወታደርነቴን ጨረስኩ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬንም ያዝኩ። ባለቤቴ ሥራ ሲያገኝ ወደ አሜሪካ፣ ቦስተን አካባቢ መጣን። አሁን በአንድ የአይሁድ ዴይ ስኩል የዕብራይስጥ ረዳት መምህርት ነኝ። ርእሰ መምህርቷ ጠርታኝ ‹አንቺ ለዚህ ሥራ የተፈጠርሽ ነሽ፣ ማስተርስ ተማሪ› አለችኝ። ሁለት መንገድም አሳየችኝ። አንደኛው ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ከነባር መምህርት ጋር እየሠሩ የሚማሩበት ነው፤ የሚሰጠው አበል ግን ከአሁኑ ደሞዜ ያንሳል። ሁለተኛው ሥራዬን ሳልለቅ ማታ ማታ በኢንተርኔት የምጨርሰው ነው። ባለቤቴ ‹ለሕፃን ፊደል ለማስቆጠር ማስተርስ ምን ያደርጋል?› ይላል። እናቴ ደግሞ በስልክ ‹በፈረንጅ ትምህርት ቤት ማን ዋና አስተማሪ ሊያደርግሽ› ትለኛለች። እኔም የቤተ እስራኤል በዓላችን ሲግድ ሲደርስ ብቻ የምታወስ ሰው መሆን ሰልችቶኛል። አንዲት ወላጅ ልጆቹ ፊት ‹ለመሆኑ አንቺ አይሁዳዊት የሆንሽው እንዴት ነው?› ብላ ጠይቃኛለች። ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ስሜ እንዳይወጣ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ተማሪ። ከቻልሽም የመጀመሪያውን መንገድ ምረጪ፣ ክፍል ውስጥ የምትውይበትን። ምክንያቴን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ፤ የገንዘቡንም ነገር አልዘለውም። የቤት ኪራይ በየወሩ የሚከፍል ሰው «ሕልምሽን ተከተይ» ተብሎ ብቻ አይሸኝም።

ከባለቤትሽ ጥያቄ ልጀምር። ክፋት የለበትም፣ ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገረው። ዕብራይስጥ ታውቂያለሽ፣ ልጆቹ ደግሞ ትንንሽ ናቸው፤ ታዲያ ምን ቀረ ነው ነገሩ። የቀረው ማስተማሩ ነው። አንቺ ዕብራይስጥን የለመድሽው እስራኤል ውስጥ ነው። ሱቅ ስትላኪ ትሰሚዋለሽ፣ አውቶቡስ ላይ ትሰሚዋለሽ፣ ጎረቤት ሲጣላ ትሰሚዋለሽ። ቦስተን ያለ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ከክፍሉ ደጅ ከወጣ ቋንቋው አለቀ። ቤቱ እንግሊዝኛ ነው፣ ሜዳው እንግሊዝኛ ነው፣ ካርቱኑም እንግሊዝኛ ነው። ለእሱ በቀን ውስጥ ያለችው ያቺ አንድ ክፍለ ጊዜ ናት። እሷን እንዴት እንደምትጠቀሚባት ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ይህ አንቺም ሳይገባሽ አይቀርም። ልጁ የሴቱንና የወንዱን ግሥ ሲያቀላቅል ታርሚዋለሽ። በነጋታው ያንኑ ይሳሳታል። ደግመሽ ታርሚዋለሽ። የሠለጠነች መምህርት ከማረሟ በፊት ልጁ በጭንቅላቱ ውስጥ ምን ሕግ ይዞ እንደሆነ ታጣራለች። አንዳንዴ ስሕተቱ የራሱ ሥርዓት አለው፣ ከእንግሊዝኛው ይዞት የመጣው ነው። ያንን ካላገኘሽው ዓመቱን ሙሉ ስታርሚ ትውያለሽ።

ኦሪት ሲመጣ ነገሩ ይብስበታል። ዘፍጥረት ምዕራፍ 12 ላይ እግዚአብሔር አብራምን «ከአገርህ፣ ከዘመዶችህ፣ ከአባትህም ቤት ውጣ» ይለዋል። አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «አባቱን ትቶ ሲሄድ አባቱ አላለቀሰም?» ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ? «እሱን ተወው፣ ወደ ቀጣዩ እንለፍ» ማለት ይቻላል። የራቢዎችን ማብራሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገርም ይቻላል። ወይም ጥያቄውን ለክፍሉ መልሰሽ፣ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገሽ ጥቅሱን እንዲያነቡ፣ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን እንዲለዩ ታደርጊያለሽ። ያ ልጅ ትክክለኛ የኦሪት ጥያቄ ነው የጠየቀው። ይህን በቦታው፣ ሃያ ልጅ እየተቁነጠነጠ መለየት የሚቻለው በልምምድ ነው። ለባለቤትሽ ይህንኑ ንገሪው። «ትንንሽ ልጆች ስለሆኑ ቀላል ነው» የሚል ሰው አንድ ጠዋት ክፍልሽ ገብቶ ይቀመጥ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላስረዳ። ዴይ ስኩል የሚባለው ልጆች ሒሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ የሚማሩበት፣ በዚያው ቀን ደግሞ ዕብራይስጥ፣ ኦሪት፣ ጸሎትና በዓላትን የሚማሩበት የግል ትምህርት ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2013/14 የትምህርት ዘመን (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገ ቆጠራ 861 ትምህርት ቤቶችና ወደ 255,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ አይሁድ፣ ማለትም ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን አጥብቀው የሚይዙት፣ ናቸው፤ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ላይ ይበዛሉ። እንደ ቦስተን ባሉ ከተሞች ደግሞ የተለያየ ሃይማኖታዊ አቋም ያላቸው ቤተሰቦች አብረው የሚማሩባቸው አሉ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የቸገራቸው አንድ ነገር ነበር። ኦሪት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያገኛሉ፤ ማስተማር አልተማረም። ማስተማር የተማረ ያገኛሉ፤ ኦሪቱ የለውም። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ለማግኘት ነው የድኅረ ምረቃ ሥልጠናዎቹ የተከፈቱት። በኒው ዮርክ የየሺቫ ዩኒቨርሲቲ አዝሪኤሊ ትምህርት ቤት ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። እዚያው ኒው ዮርክ የጁዊሽ ቲዎሎጂካል ሴሚናሪ የዴቪድሰን ትምህርት ቤት አለ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ፓርዴስ የተባለው ተቋም በ2000 ለዴይ ስኩል መምህራን የሚሆን ፕሮግራም ጀመረ፤ የዚያ ጥንካሬው ጽሑፉን በመመርመር ላይ ነው።

ለአንቺ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው ግን በ2002 የተጀመረው ዴሌት የሚባለው ነበር። በሁለት ቦታ ነበር የተከፈተው፤ አንዱ ሎስ አንጀለስ በሂብሩ ዩኒየን ኮሌጅ፣ ሌላው አንቺ ካለሽበት ብዙም ሳይርቅ ዎልታም በሚገኘው ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ። የብራንዳይሱ አሠራር ይህን ይመስል ነበር፦ 13 ወር፣ ሁለት ክረምትና በመሐላቸው ያለው የትምህርት ዓመት። በክረምት ኮርስ ይወሰዳል። በትምህርት ዓመቱ ሠልጣኙ በሳምንት አራት ቀን ዴይ ስኩል ውስጥ ከአንድ ነባር መምህር ጋር ይውላል። የራሱን ዩኒቨርሲቲ ትምህርትም ጎን ለጎን ይከታተላል። ሠልጣኞቹ ራሳቸው እንደ ተማሪ በሐቭሩታ፣ ማለትም ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ኦሪት ይማራሉ። ልጅን በጥንድ ለማስተማር መጀመሪያ ራስሽ በጥንድ ተቀምጠሽ መከራከር አለብሽና።

ይህን በዝርዝር የነገርኩሽ ርእሰ መምህርትሽ ያቀረበችልሽን ነገር የምትመዝኚበት እንዲሆንሽ ነው። ፕሮግራሞች ስም ይቀይራሉ፣ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። አንቺ ስሙን ተይውና ውስጡን እዪ። በሳምንት ስንት ቀን ክፍል ውስጥ ትውያለሽ? አብራሽ የምትሠራው መምህርት ማን ናት? ለዚህ ሥራ ጊዜ ተሰጥቷታል ወይስ በሥራዋ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነሽ? በሳምንት አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ስለ ትምህርቱ የምታወሩበት የተመደበ ሰዓት አለ? ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ ስታስተምሪ የሚያይሽ ሰው አለ? እንዴት ዕብራይስጥን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ማስተማር እንደሚቻል የሚያስተምር ኮርስ አለ ወይስ ስለ ትምህርት በጠቅላላው ብቻ ነው የሚያወራው? ለእነዚህ ጥርት ያለ መልስ ካላገኘሽ፣ ዲግሪው የቱንም ያህል ትልቅ ስም ቢኖረው አትቸኩይ።

ከሁሉም በላይ የምታሠለጥንሽ መምህርት ወሳኝ ናት። ብራንዳይስ ውስጥ በአይሁድ ትምህርት ላይ የሚያጠናውን የማንደል ማዕከልን ያቋቋሙትና የመሩት ሻሮን ፌይመን ኔምሰር ዘመናቸውን ሁሉ የሠሩት በዚህ ላይ ነው። አዲስ መምህር በዲግሪ ቀን ተማሪነቱ አያበቃም፤ የመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታት የራሳቸው ትምህርት አላቸው ይላሉ። ጥሩ አሠልጣኝም «ጎበዝ፣ በርቺ» ብቻ የምትል ሳትሆን ከተማሪዎቹ ሥራ ላይ አብራሽ የምታስብ ናት። እንዲህ ያለች ሰው አጠገብሽ ካለች አንዱ ዓመት ብዙ ነው። በራሳችንም ወግ ይህ አዲስ አይደለም። በእኛ በኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በቤተ እስራኤል፣ አንድ ወጣት ቄስ የሚሆነው ከሽማግሌ ቄስ ጋር እየኖረ፣ እያየ፣ እያገለገለ፣ እየታረመ ነበር።

የኢንተርኔቱን መንገድ አልንቀውም። ብዙ እናቶች ሌላ አማራጭ የላቸውም። ቤተሰባችሁ በአንድ ዓመት የተቀነሰ ገቢ በፍጹም መቆም ካልቻለ ያዢው። ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ይሁን። ርእሰ መምህርትሽ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከረዳትነት አውጥታ ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ የራስሽ አድርጋ ትስጥሽ፤ እሱንም እየመጣ የሚያይ ነባር መምህር ትመድብልሽ። ማታ የተማርሽውን ጠዋት የምትሞክሪበት ክፍል ከሌለሽ ወረቀቱን ታገኛለሽ፣ እጅሽ ግን አይፈታም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በነገራችን ላይ ያለሽ የመደራደር አቅም ከምታስቢው ይበልጣል። ዕብራይስጥ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ልጆች የሚወዱት፣ ትምህርት ቤቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች ቀላል አይደለም። ርእሰ መምህርትሽ የጠራችሽ ለውለታ ብቻ አይደለም፤ ትፈልግሻለች። ስለዚህ ጠይቂ። ትምህርት ቤቱ በአበሉና በደሞዝሽ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸፍንልኛል? በዚያ ዓመት የጤና መድኅኔ ይቀጥላል? ልጆች ካሏችሁ የመምህር ልጅ የሚያገኘው የክፍያ ቅናሽ አይቋረጥም? ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ይህን ያህል ዓመት አገልግይ ሊልሽ ይችላል። ይህ ተገቢ ነው። በምላሹ ግን ስትጨርሺ ዋና መምህርት ሆነሽ፣ በዲግሪሽ ልክ እየተከፈለሽ እንደምትቀጠሪ በጽሑፍ ይሁን። በቃል «እናያለን» የተባለ ነገር ርእሰ መምህር ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

አበዳሪ ጋር ከመሄድሽ በፊትም ስኮላርሺፕ ጠይቂ። የአይሁድ ፋውንዴሽኖች ለመምህራን ሥልጠና ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ለምሳሌ ጂም ጆሴፍ የሚባለው ፋውንዴሽን ከ2010 ገደማ ጀምሮ ለየሺቫ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሴሚናሪውና ለሂብሩ ዩኒየን ኮሌጅ በድምሩ 45 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። እንዲህ ያለው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ በትምህርት ክፍያ ቅናሽ መልክ ተማሪው ዘንድ ይደርሳል። ግን የሚያገኘው የጠየቀ ነው።

የወረቀት ነገርም አለ። የእስራኤል ዲግሪሽን አሜሪካ ውስጥ የሚገመግሙ ድርጅቶች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው የትኛውን እንደሚቀበል ጠይቀሽ ትራንስክሪፕትሽን ከአሁኑ አስልኪ። ጊዜ ይወስዳል። የእንግሊዝኛ ፈተና ያስፈልግሽ እንደሆነም አጣሪ። ሌላው የስቴት የመምህርነት ፈቃድ ነው። እንዳንቺ ያለ የግል ትምህርት ቤት ማሳቹሴትስ ውስጥ ፈቃድ ያለውን መምህር ብቻ ቅጠር ተብሎ አይገደድም። ቢሆንም ፕሮግራሙ ወደ ፈቃዱ የሚያደርስ ከሆነ እሱን ምረጪ። ነገ ከትምህርት ቤቱ ጋር ባትስማሙ የመንግሥት ትምህርት ቤት በርም ክፍት ይሆንልሻል።

እናትሽን በተመለከተ። «ማን ሊያደርግሽ» ያሉት ከፍቅር ነው፣ ደግሞም ካዩት ተነሥተው ነው። እስራኤል ውስጥ ስንት በር ሲዘጋ እንዳዩ እሳቸው ያውቃሉ። ግን አንድ ነገር አስታውሺያቸው፤ ምናልባት ከእኔ የተሻለ ያውቁት ይሆናል። ቤተ እስራኤል መምህር ሆኖ መሠልጠን ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። ታምራት ዐማኑኤል ገና ወጣት ሳሉ ለቤተ እስራኤል ትምህርት ከደከሙት አውሮፓዊ አይሁዳዊ ምሁር ከዣክ ፋይትሎቪች ጋር ወደ አውሮፓ ሄደው ፓሪስ አሊያንስ በተባለው የአይሁድ ድርጅት የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎም ጣሊያን ፍሎረንስ ተማሩ። ተመልሰው በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። አቶ ዮና ቦጋለ ኢየሩሳሌምና ፍራንክፈርት ተምረው መጥተው አስተማሩ። በ1955 አስመራ ላይ የቤተ እስራኤል ወጣቶች በመምህርነት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያው ሰሞን 27 ልጆች በሁለት ዙር እስራኤል፣ ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ተልከው ተማሩ፤ የተላኩትም ተመልሰው በጎንደር መንደሮች ዕብራይስጥና ኦሪት እንዲያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹም አስተማሩ። በሳር ቤት፣ ያለ መጽሐፍ፣ ከዚያም ከዚህም ጫና እየደረሰባቸው። እናትሽ ከእነዚህ መምህራን አንዱን በስም ቢያስታውሱ አይገርመኝም። እስቲ ጠይቂያቸው። አንቺ አዲስ ነገር አልጀመርሽም፤ የነበረውን ሌላ አገር ላይ እየቀጠልሽ ነው።

ያቺ ወላጅ የጠየቀችሽ ጥያቄ አናድዶኛል። ልጆች ፊት መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው። መልስ ለመስጠት ግዴታ የለብሽም። መመለስ ከፈለግሽ ግን አጭር ይሁን። «አያቶቼ በጎንደር ኦሪት ይጠብቁ ነበር» በቂ ነው። ታላቁ ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወስነዋል፤ የእስራኤል መንግሥትም በ1975 አይሁድ ገብተው ዜጋ እንዲሆኑ በሚፈቅደው በመመለስ ሕጉ ተቀብሏቸዋል። ይህ የተዘጋ ጉዳይ ነው፣ አንቺ በየኮሪደሩ እየቆምሽ የምትከፍቺው አይደለም። ሥራው የርእሰ መምህርትሽ ነው። ሄደሽ የሆነውን ንገሪያት። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ትምህርት ቤቱ ምን ያደርጋል?» ብለሽ ጠይቂያት። ማስተርስ ተማሪ የምትል አለቃ ይህንንም መስማት አለባት። መልሷን በደንብ አድምጪ። ከተሸማቀቀችና ነገሩን ካለሳለሰችው፣ ሌላ ዴይ ስኩል ውስጥ ሥልጠናሽን ብታደርጊ ይሻልሻል።

ሲግድን አትጣይው። የሰለቸሽ በዓሉ አይመስለኝም። የሰለቸሽ ነጭ ለብሰሽ ዳቦ ይዘሽ መጥተሽ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ በነጋታው ወደ ጎን መመለስሽ ነው። ልክ ነሽ። እንደዚያ መሆን የለበትም።

እንግዲህ ሥልጠናው እዚህ ጋ ይጠቅምሻል። በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ሠልጣኝ የራሱን የትምህርት ክፍል አዘጋጅቶ ያስተምራል። አንቺ ሲግድን አዘጋጂ፤ ግን እንደ ምግብ ትርኢት ሳይሆን እንደ ጽሑፍ። ከነህምያ ምዕራፍ 8 እና 9 ጀምሪ፤ ከባቢሎን የተመለሰው ሕዝብ ኢየሩሳሌም ተሰብስቦ ኦሪት ሲነበብለት፣ ሲጾም፣ ኃጢአቱን ሲናዘዝ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያንብቡት። ከዚያ ከአስተስርዮ (ከዮም ኪፑር) 50 ቀን ቆጥሮ፣ ጾሞ፣ ጎንደር ውስጥ እንደ አምቦበር ባለ ቦታ ተራራ የሚወጣውን ሕዝብ አሳዪያቸው። ቄሶቹ በግዕዝ ኦሪት ሲያነቡ ድምፅ አሰሚያቸው። ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። «ነህምያ ላይ ያየነው ምኑ እዚህ አለ? ምኑ የለም?» በያቸው። ጾሙ እስከ እኩለ ቀን ሆኖ ከዚያ በኋላ ለምን እንደሚበላና እንደሚጨፈር ራሳቸው ይጠይቁ። እስራኤል በ2008 ሲግድን በሕግ የመንግሥት በዓል አድርጋዋለች፤ ትልልቆቹን ተማሪዎች ስለዚያ ማወያየት ይቻላል። ዳቦው በመጨረሻ ይምጣ፣ ይጣፍጣል። ይህን ትምህርት በደንብ ከጻፍሽው ሌሎች መምህራን ያለ አንቺ ሊያስተምሩት ይችላሉ። ያኔ በዓሉ የትምህርት ቤቱ ይሆናል። አንቺም በቀሪው ዓመት ዕብራይስጥ፣ ዘፍጥረት፣ ጸሎት የምታስተምር መምህርት ትሆኛለሽ። ርእሰ መምህርትሽን ከአሁኑ አስታውቂያት፦ ሥልጠናዬ ለሙሉ ሥራው ነው፣ ለኅዳር ወር ብቻ አይደለም።

ሥልጠናው ሲያልቅም ብቻሽን አትቅሪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አሠልጣኝ መድቡልኝ በያቸው። ለዚህ የሚያግዝ ጁዊሽ ኒው ቲቸር ፕሮጀክት የሚባል ከ2003 ጀምሮ የተቋቋመ ሥራ አለ፤ በየትምህርት ቤቱ ነባር መምህራንን እያሠለጠነ ለአዳዲሶቹ አማካሪ እንዲሆኑ ያደርጋል። ትምህርት ቤትሽ ከዚያ ጋር ካልሠራ ለምን እንደማይሠራ ጠይቂ። አዲስ መምህር ሥራ የሚለቀው ብዙ ጊዜ ሥራውን ስለሚጠላ አይደለም፤ በር ዘግቶ ብቻውን ስለሚቀር ነው።

የዚህ ሳምንት ሥራሽ እንዲህ ይሁን። አንድ ምሽት ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ የቤቱን ወጪ በወረቀት ላይ ጻፉት። በአበሉ ስንት ወር እንደምትቆሙ፣ ስንት እንደሚጎድል በቁጥር እዩት። የጎደለውን ቁጥር ይዘሽ ርእሰ መምህርትሽ ጋር ግቢ። ከላይ የጻፍኩልሽን ጥያቄዎችም ይዘሽ ግቢ። ደግሞም ልታሠለጥንሽ ከታሰበችው መምህርት ክፍል ገብተሽ አንድ ሙሉ ጠዋት ተቀምጠሽ እንድታዪ ፈቃድ ጠይቂ። ልጅ ሲሳሳት ምን እንደምታደርግ ልብ ብለሽ እዪ። ከዚያ በኋላ ነው ማመልከቻውን የምትሞዪው።